ጠዋት እምቢ የሚለው ጣራ

በጣሊያን ጊዜ አጎቴ የአንድ መኪና ጠባቂ ነበሩ። መንዳት አይችሉም፤ ቢችሉም አይፈቀድላቸውም። ሥራቸው መኪናውን ማጠብ፣ መወልወል፣ ብረቱን ቀብቶ ማለስለስ፣ ማታ የቆርቆሮ መጠለያውን ቆልፎ ቁልፉን አንገት ላይ አስሮ ማደር ነበር። መኪናው ከጦርነቱ በፊት በጅቡቲ በኩል በባቡር የመጣ የፈረንሳይ ሥራ ነው። ባለቤቱ የነበረው የውጭ አገር ነጋዴ ከተማውን ለቅቆ ሲሄድ፣ ወደ ሆለታ የሚወስደውን መንገድ የሚያሠራ አንድ ጣሊያን ወሰደው። ሰውየው ኮልፌ ከነበረው የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ነበር የሚኖረው። የአጎቴ ቤት ደግሞ ከካምፑ አጥር ብዙ ሳይርቅ፣ ባሕር ዛፍ መሀል የተሠራ ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነበር።

የዚያ መኪና ጉዱ ጣራው ነው። እንደ ሌሎቹ ሸራ አይደለም፤ ወጥ ብረት ነው። መሪው አጠገብ ያለችው ቁልፍ ስትጫን ውስጥ ያለ ሞተር ያጉረመርማል። የኋላው ትልቅ ክዳን ይከፈታል፤ ጣራው በሁለት የብረት ክንዶች ተይዞ ቀስ ብሎ ይነሣና ወደ ኋላ ሄዶ ክዳኑ ሥር ይተኛል። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች ይህን ለማየት እንስራቸውን አውርደው አጥሩ ሥር ይቆሙ ነበር። "ቆቡን ሊያወልቅ ነው" ይባባላሉ። አንዷማ ሰውየው ለማንም ቆቡን አንሥቶ ስለማያውቅ መኪናው ስለ እሱ ያነሣለታል ብላ ሁሉንም አስቃለች።

እኔ መሀላቸው ቆሜ አልሳቅሁም። በሰው ፊት መሳቅም መናገርም እፈራ ነበር። ለሰፈሩ ሰው ከገጠር የመጣሁ የአጎቴ የእህት ልጅ ነኝ። ግማሹ እውነት ነው፤ የእህታቸው ልጅ ነኝ። የመጣሁት ግን ከገጠር ሳይሆን ከቤይሩት ነው። እዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተፈጥሮ ሳይንስ ተምሬ፣ ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነበር የተመለስሁት። ከየካቲቱ ጭፍጨፋ በኋላ ውጭ አገር የተማረ ሰው እየተለቀመ ሲወሰድ እናቴ ጫማዬን አስወልቃ፣ የገጠር ቀሚስ አልብሳ ወደ ወንድሟ ላከችኝ። በባዶ እግር መሄድ አልለመድሁምና ተረከዜ ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር። የአጎቴ ሚስት ቅባት እንኳ አይቀቡልኝም። ለስላሳ እግር ያስጠይቃል፣ ይድማ ይሉኛል። በተፈጥሮዬ ዝምተኛ ስለሆንሁ መደበቁ ከሌሎች ይልቅ ለእኔ ሳይቀል አልቀረም።

ነገሩ የተጀመረው ከገና በኋላ፣ ሣሩ ላይ ውርጭ በሚያድርበት ሰሞን ነው። አንድ ጠዋት ጣሊያኑ ከጓደኛው ጋር መጥቶ ቁልፏን ተጫነ። ክዳኑ እንደ ምንም ተከፈተ። ጣራው ግን ትንሽ ከፍ ካለ በኋላ አፉን እንደ ከፈተ ሰው እዚያው ቀረ። ጓደኛው ሳቀ። ጣሊያኑ ወርዶ በእጁ ሊያነሣው ታገለ፤ አልሆነለትም። እኩለ ቀን ላይ ከከተማ የተጠራ መካኒክ፣ እሱም ጣሊያን ነው፣ ያችኑ ቁልፍ ሲጫን ጣራው ምንም እንዳልነበረ ተነሥቶ ተኛ። ደጋግሞ ሞከረው፤ ደጋግሞ ሠራ። በማግሥቱ ጠዋት እንደገና እምቢ አለ። ከሰዓት መካኒኩ ሲመጣ እንደገና ታዘዘ።

ጨርሶ ቢበላሽ ይሻል ነበር። የተበላሸ ነገር ይጠገናል። መካኒኩ ግን መኪናው ምንም የለበትም ብሎ መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ። ምንም የሌለበት መኪና ጌታው ሲመጣ ብቻ እምቢ የሚል ከሆነ እምቢ የሚያሰኘው ሰው አለ ማለት ነው፤ የመጠለያው ቁልፍ ደግሞ ያለው አጎቴ አንገት ላይ ነው። ጣሊያኑ ጠርቶ አንዲት ቃል ተናገራቸው። አጎቴ ጣሊያንኛ አያውቁም፤ ያችን ቃል ግን ያውቋታል። ካምፑ ውስጥ የከባድ መኪና ጠባቂ የነበረ ሰው፣ መኪናው መንገድ ላይ በቆመ ጊዜ ያችው ቃል ተነግራበት ተወስዶ አልተመለሰም። ሳቦታጆ። አሻጥር ማለት ነው። የቀረውን በአስተርጓሚ ነገራቸው። ከጥምቀት በኋላ መንገዱን የሚጎበኙ ትልልቅ ሰዎች በጠዋት ይመጣሉ፤ እሱ ጣራውን ከፍቶ ይዟቸው ይዞራል። ያን ጠዋት ጣራው እምቢ ካለ የሚጠየቀው ጣራው አይደለም።

አጎቴ ያን ዕለት የላክንላቸውን ምሳ ሳይነኩት ይዘውት መጡ። ሚስታቸው የእጅ ስፌት መኪና አላቸው፤ ለሰፈሩ ሴቶች ቀሚስ እየሰፉ ቤቱን ይደጉማሉ። መዘውሩን ማዞር ትተው ምን እንደሆነ ጠየቋቸው። አጎቴ የሆነውን ሁሉ ነገሩን። ሲጨርሱ የስፌት መኪናው ለረጅም ጊዜ አልዞረም።

በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ አጎቴ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ወርደው ጠበል አመጡና መኪናውን ረጩት። ጣራው በዚያም ጠዋት እምቢ አለ።

"ክርስትና ያልተነሣ ነገር ጠበል ምን ያደርግለታል?" አሉ ሚስታቸው።

"እንግዲያው ላስነሣዋ።"

"አበልጅ ማንን ሊያደርጉ ነው? ጣሊያኑን?"

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። እኔ ጥግ ላይ ጥጥ እፈትል ነበር። ልናገር እያልሁ ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰብኝ። በመጨረሻ ዓይኔን ከእንዝርቱ ሳላነሣ፣ ጠዋት እምቢ ሲል ሞተሩ ዝም ይል እንደሆነ ጠየቅሁ። አጎቴ ዞር ብለው አዩኝ። ዝም አይልም፣ ጭነት እንደ በዛባት አህያ ያቃስታል አሉ። የፊት መብራቶቹስ? እነሱ ቦግ ብለው ይበራሉ። የአጎቴ ሚስት ወደ ጎረቤት ግድግዳ ጠቁመው ድምፄን ቀነስ እንዳደርግ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ብዙ የሚቀነስ ድምፅ አልነበረኝም።

በሚቀጥለው ቀን ምሳቸውን እኔ ወሰድሁ። በር ላይ ያለው ዘበኛ መሶቡን ከፍቶ አየና እግሬን አየ፤ ከዚያ በአገጩ ወደ መጠለያው አሳየኝ። ሰው ሁሉ ምሳ ላይ ነው። ድንጋይ መፍጫው ግን አይቆምም፤ ጆሮ ያደነቁራል። መጠለያው ውስጥ ቆርቆሮው ከፀሐዩ ግሎ እንደ ምድጃ ይፋጃል። አጎቴ በድንጋይ መፍጫው ጩኸት ተሸፍነው ቁልፏን ተጫኑ። ጣራው ተነሣ፤ ተኛ። መልሰው ተጫኑ፤ ተመለሰ።

"አየሽ?" አሉኝ። "እኔን ይታዘዛል። ይህን ሰውየው ቢያይ ምን ይላል?"

ገመዶቹን ከባትሪው ጀምሬ እስከ ሞተሩ ድረስ በጣቴ ተከተልኋቸው። የላላ ነገር የለም፤ የተቃጠለም የለም። ጠዋት መብራቱ ቦግ ካለ ባትሪው ደህና ነው። ሞተሩ የሚያቃስት ከሆነ ኃይል እየደረሰው ነው፤ ግን የከበደው ነገር አለ። ጠዋት የሚከብድ፣ ቀን የሚቀል ነገር ምንድን ነው? ጣራው ያው ጣራ ነው። ክንዶቹን አየሁ። ቅባት ጠግበው ያብረቀርቃሉ። መኪናው ውስጥ እንደ እነሱ በደንብ የተያዘ ነገር ስላልነበረ መጀመሪያ ከጥርጣሬ ያወጣሁት እነሱን ነው። ባዶ መሶቡን ይዤ ተመለስሁ።

ጥምቀት መጣ፤ ታቦቱ ወጣ፣ ገባ። ቤታችንም እንደ ሰው ቤት በግ ታርዶ ነበር፤ አጎቴ ግን ከሥጋው ይልቅ ወደ ካምፑ ነበር የሚያዩት። ጎብኚዎቹ በሚመጡበት ዋዜማ ጠዋት፣ ያደረውን የወጥ ድስት ላጥብ ደጅ ተቀመጥሁ። ሌሊቱ በጣም በርዶ ነበር። ማታ የተረፈው ወጥ ላይ የበጉ ሞራ ነጭ ሆኖ ረግቷል፤ ጭልፋው መሀሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጭልፋውን ሳብ ሳደርገው ድስቱ አብሮ ተነሣ።

ድስቱን በጭልፋው አንጠልጥዬ ምን ያህል እንደ ቆየሁ አላውቅም። ማታ ያው ወጥ ሲፈስ አይቻለሁ። ከዚያ የአጎቴ እጆች ትዝ አሉኝ። ከገና ወዲህ ቤት ሲገቡ እጃቸው በግ በግ ይሸታል፤ የበዓል ሰሞን ስለሆነ ልብ አላልሁትም። አጎቴ ከጦርነቱ በፊት ከመኳንንቱ የአንዱ ኮርቻ ያዥ ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ማለስለሻ አንድ ነው፤ የበግ ሞራ ከቅቤ ጋር አቅልጦ መቀባት።

ድስቱን እንዳለ ትቼ ቁርስ ይዤ ወደ ካምፑ ሄድሁ። መሮጥ አይቻልም፤ የምትሮጥ ሴት ትታያለች። ስደርስ ጣሊያኑ መኪናውን ትቶ በእግሩ ወደ ድንጋይ መፍጫው ወርዶ ነበር። አጎቴ መጠለያው ውስጥ ትንሽ ከሰል አቀጣጥለው፣ በቆርቆሮ ጣሳ ሞራ እያቀለጡ የጣራውን ክንዶች በዶሮ ላባ ይቀባሉ።

"ለነገው ላጥግበው ብዬ ነው" አሉ።

ካምፑ ለዚህ ሥራ የሚሰጣቸው ጥቁር ቅባት ነበር፤ ግራሶ ይሉታል። ለምን እሱን እንደማይጠቀሙ ጠየቅኋቸው። ገና ሥራውን እንደ ያዙ ግራሶው ከክንዱ ተንጠባጥቦ የጣሊያኑን ነጭ ኮት አበላሸና በጥፊ መቷቸው ነበር። እኛ ይህን አልሰማንም ነበር። ከዚያ በኋላ ግራሶውን ጠራርገው አወጡት። በጾሙ ወራት ሞራ ስላልነበረ በጨርቅ ብቻ ሲወለውሉት ቆዩ። ለገና በጉ ሲታረድ ግን እጃቸው የሚያውቀውን ነገር አገኙ። ሞራ ልብስ አያጠቁርም፤ ብረቱንም ያበራል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጣራው እምቢ ባለ ቁጥር እሳቸው የቅባቱን መጠን ይጨምሩ ነበር።

አሁን ምን ልበላቸው? በዚህ ሙያ የታወቁ ሰው ናቸው፤ በእጃቸው ያለፈው ኮርቻ ለጌቶች የሚጫን ነበር። ከውርደታቸው ማግሥት ያገኙት መፍትሔም እሱ ነው። የእህታቸው ልጅ ተነሥታ ተሳስተዋል ልትላቸው ነው? ከሰሉ አጠገብ ቁጢጥ አልሁ።

"ጋሼ፣ ድሮ ኮርቻውን ሞራ ቀብተው ያሳደሩት እንደ ሆነ ጠዋት እንዴት ሆኖ ይገኛል?"

"እንጨት ይሆናላ" አሉ ላባውን እያሹ። "ብርድ ላይ ካደረማ ጠፍሩ እንኳ አልታጠፍም ይላል። በቅሎዋ ላይ ጭነሽው ትንሽ ስትሄጂ፣ ገላዋ ሲያሞቀው ነው እንጂ የሚለዝበው..."

እዚህ ላይ አቆሙ። ላባው አየር ላይ ቀረ፤ ጫፉ ላይ ያለችው ጠብታ ወርዳ መሬት ላይ ስትረጋ ሁለታችንም አየናት። አጎቴ ተነሡና ገና ያልቀቡትን ክንድ መታጠፊያ በትንሽ ጣታቸው ጫሩት። ጥፍራቸው ነጭ፣ ጠጣር ነገር ይዞ ወጣ። ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት።

"ይህች በቅሎ ጠዋት ጠዋት ገላዋ አይሞቅም" አሉ ቀስ ብለው።

ከሰሉን አጠፉ። የፋኖስ ላምባ በጨርቅ እየነከርን ክንዶቹን ጠረግን። ችግሩ ግን ጨርቅ የማይገባበት ቦታ ነው። ሞተሩ የሚያዞረው ጠመዝማዛ ብረት አለ፤ ጥርሶቹ መሀል ሞራው ከአቧራና ከገለባ ብናኝ ጋር ተጋግሮ ሰም መስሏል። እሱን አጎቴ የኮርቻ መስፊያ ወስፌያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጥርስ በጥርስ ጫሩት። እጃቸው ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። እኔ ከሥር ጨርቅ ይዤ የሚወድቀውን እቀበላለሁ።

ብረቱ ደረቅ ሆኖም መቅረት አልነበረበትም። ግራሶውን አጎቴ በዓይናቸው ማየት አልፈለጉም፤ እኔም አልፈረድሁባቸውም። ያን ጊዜ የአጎቴ ሚስት የስፌት መኪና ትዝ አለኝ። በብርድ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ሲሰፉ መዘውሩ አንድም ቀን ከብዷቸው አያውቅም። ቤት ሄጄ ዘይቷን ለመንኋቸው።

"የስፌቴን ዘይት ለጣሊያን መኪና?"

"ለጋሼ ነው።"

ዘይቷን ከነማንጠባጠቢያዋ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። "ጨርሺዋ በቃ" አሉ። "የሰፈሩ ቀሚስ እየተንቋቋ ይሰፋል።"

በየመታጠፊያው ጠብ ጠብ አደረግን፤ የተረፈውን ወዲያው በጨርቅ አበስን። ከሰዓት በድንጋይ መፍጫው ጩኸት ተሸፍነን ሞከርነው። ሠራ። መሥራቱ ግን ምንም አልነገረንም፤ ከሰዓትማ ሁልጊዜም ይሠራ ነበር። በጠዋቱ ብርድ መሞከር ደግሞ አይቻልም፤ መፍጫው ሳይነሣ ካምፑ ጸጥ ስለሚል ሞተሩ ከሩቅ ይሰማል። አሻጥር ትሠራለህ የተባለ ሰው በጎሕ ከመኪናው ጋር ሲገኝ ምን ይላል? ስለዚህ የምናውቀው ጣሊያኑ ሲያውቅ ነው።

በማግሥቱ ውርጩ ከምንጊዜውም ከፍቶ ነበር። ባዶ እንስራ አዝዬ ከሴቶቹ ጋር አጥሩ ሥር ቆምሁ። የእንግዶቹ መኪኖች መጡ፤ ካፖርት የለበሱ ሰዎች ወረዱ፤ ጣሊያኑ ነጭ ኮቱን ለብሶ በመኪናው ዙሪያ እየተዘዋወረ አሳያቸው። አጎቴ ከመጠለያው በር አጠገብ ጨርቃቸውን ይዘው ቆመዋል። ጨርቁን አጠፉት፤ ዘረጉት፤ መልሰው አጠፉት። ከጎናቸው ዘበኛ ቆሟል። ሌላ ጠዋት እዚያ ቦታ ዘበኛ አይቆምም ነበር።

ጣሊያኑ ገብቶ ቁልፏን ተጫነ።

ሞተሩ ጮኸ። የኋላው ክዳን ተከፈተ። ጣራው ተነሣና ጠዋት ጠዋት ከሚቆምበት ቦታ ላይ ደረሰ። እዚያ ላይ ትንሽ የዘገየ መሰለኝ። አጎቴ ኋላ ሲነግሩኝ ምንም አልዘገየም፤ የዘገየው የእኔ ትንፋሽ ነው። ጣራው ያችን ቦታ አለፈ፤ ተነሣ፤ ዞረ፤ ወደ ኋላ ሄዶ ክዳኑ ሥር ተኛ። ክዳኑ ተዘጋ። ከእንግዶቹ አንዱ አጨበጨበ። ጣሊያኑ ሁሉንም ራሱ የሠራው ይመስል አንገቱን ሰበር አድርጎ ፈገግ አለ።

"እንኳንም አወለቀ" አለች ያቺ ቀልደኛ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ድምፄ ሲወጣ ራሴው ደነገጥሁ። ከዚያ እንስራዬን አውርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት አመመሽ ወይ ልጄ ብለው ግንባሬን ነኩኝ። ብርዱ ነው አልኋቸው። መኪኖቹ ተከታትለው ወደ ሆለታ መንገድ ወጡ። ዘበኛው ከአጎቴ ጎን ተነሥቶ ወደ በሩ ተመለሰ። አጎቴ ወደ አጥሩ አላዩም፤ ጨርቁን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መጠለያውን መጥረግ ጀመሩ።

ጣሊያኑ አላመሰገናቸውም። መኪናው ላምባ ይሸታል ብሎ በአስተርጓሚ ተቆጣቸው፤ አጎቴም ደህና አድርገው አጠቡት። ያችን ቃል ግን ዳግመኛ አልተናገራቸውም። ያን ቀን ምሳ የወሰድሁበት መሶብ ባዶውን ተመለሰ፤ ማታም አጎቴ እንደገና በሉ። ሚስታቸው ጣራው ብቻ ሳይሆን የባለቤቴም አፍ ተከፍቷል አሉ። በነጋታው ግን ተርፎ ያገኙትን ዘይት በማንጠባጠቢያዋ ግርጌ እያዩ፣ ለአንድ ቀሚስ እንኳ አትበቃም ብለው ሲያጉረመርሙ ሰምቻለሁ።

ጣራው የታዘዘ ዕለት ማታ አጎቴ ያን የሞራ ጣሳ ይዘው መጥተው ምድጃው ዳር አስቀምጠው ነበር። እራት ከበላን በኋላ በእግራቸው ወደ ሚስታቸው ገፋ አደረጉት።

"ለልጅቷ ተረከዝ ቀቢላት።"

"ይድማ ብለን አልነበረም?"

"ደምቷል። ከእንግዲህ ያን እግር አይቶ የሚጠረጥር የለም።"

የአጎቴ ሚስት ሞራውን እሳቱ ላይ ትንሽ ለዘብ አድርገው፣ እግሬን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ስንጥቁን አንድ በአንድ ሞሉልኝ። ሞቀኝ። ወደ ሰፈሩ ከመጣሁ ወዲህ ሳልነቃ ያደርሁት ያን ሌሊት ነው። ጠዋት ስነሣ ሞራው ተረከዜ ላይ ነጭ ሆኖ ረግቶ ነበር፤ መራመድ አቃተኝ። አጎቴ ወደ ካምፑ ሊወጡ ቁልፋቸውን አንገታቸው ላይ እያሰሩ አዩኝና ምድጃው ዳር ቦታ ለቀቁልኝ። እስኪለዝብ ድረስ እዚያ ተቀመጥሁ።